እነሱ ሲጋቡ እንጋባለን

የሥራ ጓደኛዬን በአንድ የሥዕል መጽሐፍ ምክንያት ትዳሯን ያፈረሰች እብድ ይሏታል። እንዲህ የሚል ሰው ባገኘሁ ቁጥር ሙጫ በነካው እጄ አፉን ባሽግለት ደስ ይለኛል። ትዳሩ የታለና ነው የፈረሰው? የሌለ ነገር ይፈርሳል እንዴ? ስምንት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ ሲባል የኖረ ነገር ትዳር ከተባለ እኔም ንግሥት ነኝ በሉኛ! ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ሌላው እንዳሻው ሲያወራ ከመስማት፣ ተናግሬ ብጣላ ይሻለኛል።

የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ ጥረዛ ክፍል። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ በምልክት ነው የምንነጋገረው። መሃል ላይ ከዳር እስከ ዳር ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በዚህ በኩል የታጠፈውን ወረቀት በተራ በተራ የሚለቅሙ አሉ፣ ቀጥሎ የሚሰፉ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እኔ ከነሙጫዬ ከነብሩሼ። እሳቷ ነው የሚሉኝ። ስሙን ያወጣልኝ አለቃችን ነው፤ መስኮት ይከፈት አይከፈት ብለን የተጣላን ቀን። የሙጫው ሽታ እኔን እንጂ እሱን አያዞረውማ! ከእኔ ፊት ለፊት የምትቀመጠዋን ደግሞ መርፌ እንላታለን።

መርፌ ያልናት በቅጥነቷ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመስፊያ ማሽን አለን፤ ግን ከሚሠራበት ቀን የሚያኮርፍበት ይበዛል፣ ሲያኮርፍ ደግሞ ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። ክሩን በሰም ታሻለች፣ የታጠፈውን ወረቀት ሆዱን ከፍታ መርፌዋን ትሰዳለች፣ ታወጣለች፣ ታጠብቃለች፣ ቀጣዩን ትደርባለች። አጥብቃ ወረቀት አትቀድም፣ አላልታም መጽሐፍ አታወላልቅም። እናቷ ስትሞት አሳድጋ እዚህ ያስገባቻት አክስቷ ናት፤ እሷም ጠራዥ ነበረች። ጡረታ ስትወጣ ወንበሯን ለመርፌ ትታላት ሄደች። መርፌ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ቤቷ ገብታችሁ ብታዩ አልጋ፣ ሬዲዮ፣ አንድ ድስት፣ ከግድግዳው እስከ ግድግዳው ደግሞ መጽሐፍ ነው፤ ጠርዙ የተበላሸ፣ ሽፋኑ ተዘቅዝቆ የተለጠፈ፣ ለገበያ የማይወጣ መጽሐፍ።

ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። ሰው ሲበድላት «ይሁን» ትላለች። የሻይ ዕረፍቷን ይወስዱባታል፣ ይሁን። ሌላው ያበላሸውን እሷ ፈትታ ትሰፋለች፣ ይሁን። ይህች «ይሁን» የምትባል ቃል ስንቴ አሳብዳኛለች! ምኑ ነው የሚሆነው? እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ኖሮ አዳራሹ ውስጥ ሰው አይተርፍም ነበር።

እጮኛዋ ቆራጩ ነው። ትልቁን የወረቀት መቁረጫ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፤ ከእኛ በሰፊ በር ተለይቶ ከአታሚዎቹ ጎን ይሠራል። መልከ መልካም ነው፣ ጨዋታ ያውቃል፣ ሲገባ ቤቱ ይደምቅለታል። እውነቱን ለመናገር፣ ከመጥላቴ በፊት እኔም እወደው ነበር። የእንጀራው ነገር መቁረጥ ነው፤ በኑሮው ግን አንድም ነገር ቆርጦ አያውቅም። አንድ ጥንድ ጫማ ለመግዛት ስንት ቅዳሜ እንደተመላለሰ እኛ ነን የምናውቀው። በመጨረሻ የገዛችለት መርፌ ናት። ጠበበኝ ብሎ አማረረባት፣ ይሁን ብላ ሄዳ ቀየረችለት።

ቀለበት ያሰረላት አክስቷ ፊት ነው፤ እኛም ነበርን። ያ ማንጋ የሚሉት የሥዕል መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤታችን የመጣው ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

ማንጋ በሥዕል የሚነገር የጃፓን ልብ ወለድ ነው። የእኛ አሳታሚ አስተርጉሞ በተከታታይ ያወጣዋል፣ የሚታተመውና የሚጠረዘው እኛ ዘንድ ነው። ታሪኩ ማር ነው፤ ጥርስ ያማል። አንዲት ጃንጥላ ጠጋኝ ልጅ አለች፤ ሱቋ አጠገብ አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ይኖራል። ልጁ እሷን ለማየት ሲል የገዛ ጃንጥላውን እየሰበረ ይመጣል። እሷም አውቆ እንደሚሰብር ታውቃለች፤ ታውቃለች ግን ዝም ብላ ትጠግናለች። በየቅጹ መጨረሻ «እወድሻለሁ» ሊላት አፉን ይከፍታል፣ ከዚያ ወይ ነጎድጓድ ይጮሃል፣ ወይ ድመት ከመደርደሪያ ትወድቃለች፣ ወይ ደንበኛ ይገባል። አለቀ። ቀጣዩን ጠብቁ።

የመጀመሪያውን ቅጽ በምንጠርዝበት ቀን፣ ሻይ ዕረፍት ላይ፣ አለቃችን ለጨዋታ ያህል ቆራጩን «እናንተስ መቼ ነው?» አለው። እሱ ከጠረጴዛው ላይ መጽሐፉን አነሳና ከፍ አድርጎ፣ «እነሱ ሲጋቡ እንጋባለን!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አጨበጨብን። መርፌም ሳቀች። እኔ ግን ፊት ለፊቷ ነኝ፣ ዓይኗን አይቻለሁ። ሰምታ ልቧ ውስጥ ያስቀመጠችው እንደ ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ዓመቱን በወር መቁጠር ትተን በቅጽ መቁጠር ጀመርን። በሁለተኛው ቅጽ የቆራጩ እናት ታመሙ፤ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። እህት የለውም። «ያው ምራታቸው አይደለሽ?» አላት። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ እሳቸው ቤት ትሄዳለች፣ ገላቸውን ታጥባለች፣ አንሶላቸውን ትቀይራለች፣ ሾርባ ታጎርሳቸዋለች፣ ከዚያ ደክሟት ወደ ራሷ ቤት ትሄዳለች። እሱ በዚያ ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ያያል። ምራት ለመባል ሠርግ ያስፈልጋል፤ የምራትን ሥራ ለመሥራት ግን ምንም አላስፈለገም። ይህን ስነግራት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «አሮጊቷ ምን አደረጉኝ? ይሁን።»

በስድስተኛው ቅጽ አክስቷ ሞተች። ሠርጓን አያለሁ ስትል ሳታይ ሞተች። በዘጠነኛው ከእኛ በኋላ የተቀጠሩት ልጆች አግብተው ወልደው ተመለሱ። እኔ ራሴ አንዱን ባል ፈትቼ ሌላ አገባሁ፣ ይህን ሁሉ ሳደርግ የጃንጥላው ልጅ ገና አፉን እንደከፈተ ነው! ቆራጩን ስለ ሠርጉ የጠየቀው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እኔ ምን ላድርግ፣ ልጁ አልተናገረማ!» ይላል። ሰውም ይስቃል። ምን ያስቃል? ሠዓሊው ቢያዘገይ ሥራው ነው፣ አንባቢ ይዞ መቆየት አለበት። ይሄኛው ማንን ይዞ ለመቆየት ነው? ሾርባ የምታጎርስለትን ነዋ!

አንድ ቀን አልቻልኩም፣ ብሩሼን ጥዬ ተናገርኳት።

«ተይው በቃ! አይታይሽም እንዴ? ይሄ ሰውዬ አያገባሽም።»

«ቃል አለን።»

«የምን ቃል? ቀልድ እኮ ነው ያወራው!»

«ቀልድም ቢሆን በሰው ፊት ነው የተናገረው» አለችና ክሯን በጥርሷ በጠሰች። ትንሽ ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ «ልጅ እፈልጋለሁ እኮ፣ እሳቷ። አርባ ሊሞላኝ ነው። አሁን ከማን ጋር ልጀምር?» አለችኝ።

ብሩሼን አንስቼ ወደ ሙጫዬ ተመለስኩ። እኔ ዝም ያልኩበትን ቀን የሥራ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ያወሩታል።

እንግዲህ አሥራ አራተኛው ቅጽ የመጨረሻው እንደሆነ አሳታሚው አስታወቀ። ሽፋኑ ቀድሞ መጣ፤ ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው የቆሙበት ሥዕል ነው፣ ምኑም አይታወቅም። አዳራሹ ውስጥ ወሬው ሁሉ ይኸው ሆነ። ይነግራታል፣ አይነግራትም። ይጋባሉ፣ አይጋቡም። ሰው የሚያወራው ስለ መጽሐፉ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዷ ተናግራ ስትጨርስ ሁሉም ዓይን ወደ መርፌ ይዞራል። እሷ አቀርቅራ ትሰፋለች። አንገቷ ግን ቀልቷል። ያን ሰሞን ፀጉሯን ተሠራች። አዲስ ነጠላ ጫማ ገዛች። በምሳ ሰዓት ቀስ ብላ፣ «የአክስቴን ነጭ ቀሚስ ላጥበው እንዴ? ይሆነኝ ይመስልሻል?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራችን አንድ ነገር ላስረዳ፣ አለበለዚያ ቀጥሎ የሆነው አይገባም። መጽሐፍ ከማተሚያው ሲወጣ ገጽ ገጽ ሆኖ አይወጣም። ትልቅ ወረቀት ነው፣ እንደ አልጋ ልብስ የሚዘረጋ፤ በአንዱ ፊት ስምንት ገጽ፣ በሌላው ፊት ስምንት ገጽ ይታተምበታል። ገጾቹ ደግሞ በተራቸው አይደሉም። አራተኛው ገጽ ከአሥራ ሦስተኛው ጎን ይቀመጣል፣ ግማሾቹ ተዘቅዝቀው ይታተማሉ። ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ነው ሁሉም ቦታ ቦታውን የሚይዘው። በዚያ ላይ ማንጋው የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ሌላው መጽሐፍ የሚያልቅበት ጋ ይጀምራል። ስለዚህ ያልታጠፈ ወረቀት ዘርግቶ ታሪክ አነበብኩ የሚል ጠራዥ የለም። ይህን አዲስ የገባ ሰው እንኳ በሳምንቱ ያውቀዋል።

በዚያን ቀን ጠዋት መጀመሪያ የታተመው የመጽሐፉ የመጨረሻ ወረቀት ነበር። አታሚዎቹ እንደተመቻቸው ነው የሚያትሙት፣ ለእነሱ መጨረሻና መጀመሪያ የለም። ወረቀቱ ክምር ሆኖ ጠርዙ እንዲስተካከል ወደ ቆራጩ ሄደ። እኛ ገና ሙጫ እያሞቅን፣ ክር እየሰደድን ነው። ድንገት ከሰፊው በር ማዶ ሳቅ ሰማን። ሳቅ ስላችሁ ዝም ብሎ ሳቅ እንዳይመስላችሁ፤ ሆድ ይዞ የሚሳቅ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳቅ ነው። ቆራጩ ወረቀቱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ገባ።

«ጉድ ነው! ኑ እዩ! ተለያዩ!»

«ማን?» አለ አለቃችን።

«እነሱ ናቸዋ! አልተጋቡም! ይኸው፣ ይኸው እይ፣ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ሲሳፈር። እሷ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ። ይኸው ደግሞ ሱቁ ተዘግቷል፣ ዝናብ ብቻ ነው፣ ሰው የለም። አለቀ! ሄደ!» ወረቀት ክምር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ጭኑን መታ። «አመለጠ! ወንድሜን! ከአሥራ አራት ቅጽ በኋላ አመለጠ!»

አንዳንዱ ሳቀ። የሚለቅሙት ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔ ከወንበሬ መነሳቴን እንኳ አላወቅሁም። ቆራጩ ግን ማንንም አላየም። ከልቡ ነበር የሚስቀው። ዓይኑን ይጠርጋል፣ ሥዕሉን ያያል፣ እንደገና ይስቃል። ያ ፊት ዛሬም ድረስ ትዝ ይለኛል። የእስር ቤት በር የተከፈተለት ሰው ፊት ነበር።

መርፌ ተነስታ ወደ እሱ ሄደች።

«እስቲ ስጠኝ» አለችው።

«እይ፣ እይ!» ብሎ ሰጣት። ገና ስቆ አልጨረሰም።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጥግ ከጥግ ገጥማ አጠፈችው፣ ከአጥንት በተሠራው ወረቀት ማጠፊያ እጥፋቱን ተጫነችው። አዞረችው፣ ደግማ አጠፈችው። ሦስተኛ ጊዜ አጠፈችው። ቢላዋ አንስታ የተጋጠሙትን ጠርዞች ሰነጠቀች። ከዚያ ከቀኝ በኩል ከፈተችና ገጽ በገጽ ትገልጥ ጀመር፣ እኛም ከኋላዋ ተደራርበን እናያለን።

ልጁ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ባለው ገጽ፣ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሩን አድርጎ፣ ያን ቃል ተናግሯል። ነጎድጓድም አልጮኸ፣ ድመትም አልወደቀች። «እወድሻለሁ። ወላጆቼን ይዤ እመጣለሁ» ይላታል፣ እሷም የምታለቅሰው ለዚያ ነው። ከዚያ ይመለሳል፣ አባትና እናቱን ይዞ፣ ጃንጥላው በነፋስ ተገልብጦ። ከዚያ ያ የተዘጋ ሱቅ ይመጣል። ሱቁ ግማሽ ሥዕል ነው ለካ። ሁለት ገጽ ላይ ከተዘረጋ ትልቅ ሥዕል ግማሹ። ሌላው ግማሽ ወረቀቱ ላይ ተዘቅዝቆ ስለነበር ቆራጩ አላየውም፤ አሁን ሲታጠፍ መጥቶ ከጎኑ ገጠመ። ሠርግ ነው። መንደሩ ሁሉ እሷ የጠገነችለትን ጃንጥላ ይዞ ተሰልፏል፣ ሙሽሮቹ መሃል ላይ ቆመው ይስቃሉ። ሱቁ የተዘጋው ባለሱቋ ልትዳር ስለሆነ ነው።

«ተጋብተዋል!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ ጭብጨባ በጭብጨባ ሆነ። የሚለቅሙት ልጆች ተቃቀፉ። አለቃችን ሳይቀር ጠረጴዛውን በጡጫው እየመታ፣ «እንግዲህ ወንድሜ፣ መሄጃ የለህም!» አለ።

ቆራጩ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ያልታጠፈ ወረቀት እንደማይነበብ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው! ግን ዓይኑ ያረፈው ልቡ በፈለገው ላይ ነው። ጭንቅላቱን አከከ። ግራ ቀኝ አየ። ሁሉም እሱን ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ቅዳሜ ግባ እንደተባለ ሠራተኛ ትከሻውን ጥሎ፣

«እሺ እንግዲህ» አለ። «ቃል ቃል ነው። እንጋባለን።»

ጭብጨባው እንደገና ፈነዳ። መርፌ ግን አላጨበጨበችም፣ አልሳቀችም። ያጠፈችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ቀና ብላ አየችው።

«አንተ እንደዚያ መሳቅ ትችል ኖሯል?» አለችው። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ያለ ነው። «ስምንት ዓመት አብሬህ ስሆን እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም።»

«እንዴ፣ ምን ሆንሽ? ቀልድ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። የመጀመሪያውም ቀልድ ነበር።»

«ይኸው እንጋባ እያልኩሽ አይደል? ሰው ሁሉ እየሰማ! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምንም።» ቀለበቱ ጠቦባት ነበር፤ ጣቷን በክር ማሻው ሰም አሸችና አወለቀችው። መዳፉን ይዛ ከፈተችና አስቀመጠችለት። «አምልጥ» አለችው።

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ክር ቆረጠች። በመጀመሪያው ሙከራ ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አስገባች።

ደስ ብሎኝ ነበር? አዎ፣ ልጮህ እስኪደርስ ደስ ብሎኛል። ግን ደስታዬ ሻይ ዕረፍት ድረስ እንኳ አልቆየም፤ ሰው አናደደኝ። አለቃችን መጥቶ አጠገቧ ቆመና፣ «እህቴ፣ በሳቅ ብቻ? ይሄን ሁሉ ጠብቀሽ? አስቢበት እንጂ» አላት። የሚለቅሙት ልጆች አንዷ ለሌላዋ፣ «በእጇ የገባውን! በዚህ ዕድሜዋ!» ስትል ሰማሁ። ቆራጩ ደግሞ ተበዳይ ሆነላችሁ! በር ላይ ቆሞ ለመጣው ለሄደው፣ «ሳቅ ወንጀል ነው እንዴ? በሕግ አምላክ፣ ሰው ስለሳቀ ይፈታል?» ይላል። ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዝኑለታል። ስምንት ዓመት ሲቀልድባት አንድም ሰው ለእሷ ራሱን አልነቀነቀም። ሙጫዬ እስኪፈስ ድረስ ብሩሼን ጣሳው ውስጥ ወርውሬ፣ «ወንጀሉ ሳቁ አይደለም፣ የሳቀው ሰውዬ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። አለቃው ከሥራ ላግድሽ ነው አለኝ። እገደኛ!

መርፌ ያን ቀን ስትሰፋ ዋለች። የመጨረሻውን ቅጽ። አልቅሳ እንደሆነም አላየሁም። ከሰዓት በኋላ አንዴ ብቻ ያንን የሠርጉን ሥዕል ትክ ብላ ስታየው አገኘኋት። «ያምራል አይደል?» አለችኝ። «ጃንጥላዎቹን እያንዳንዳቸውን ነው የሣላቸው።» መጽሐፉን አልጠላችውም። እኔ ብሆን አቃጥለው ነበር።

ከሥራ ስንወጣ፣ ገና ፀሐይ አለች፣ ወደ ቆራጩ እናት ቤት መንገድ ጀመረች።

«የት ነው?» አልኳት።

«እማማ ይጠብቁኛል። ሳልነግራቸው መቅረት የለብኝም።»

«እኔም እመጣለሁ።»

«እንዳትጮሂ ግን።»

«አልጮህም።» የማልጠብቀውን ቃል ስሰጥ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ ሁለት ክፍል። አሮጊቷ መስኮቱ ሥር አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ንጹሕ ናቸው፣ ፀጉራቸው ተጎንጉኗል፤ የማን እጅ እንደሆነ ግልጽ ነው። ክፉ ሴት አይደሉም፣ ይህንንም ልናገር። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። «መጣሽ ልጄ? ዛሬ ቆየሽብኝ» አሏት። እሷ ቦርሳዋን ሰቀለች፣ ውሃና ሾርባ አሞቀች፣ እጅጌዋን ሰብስባ እንደ ወትሮው ጀርባቸውን አጠበቻቸው። እኔ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ምላሴን ነክሼ አያለሁ። ካደራረቀቻቸውና ንጹሕ ልብስ ካለበሰቻቸው በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ከልጅዎ ጋር ተለያይተናል። ከዛሬ በኋላ አልመጣም። ልሰናበትዎት ነው።»

አሮጊቷ አዩዋት። ደህና የሆነው እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨበጠ። እኔ እየጠበቅሁ ነው፤ ምን አደረገሽ ሊሉ ነው፣ ልጄ በደለሽ ሊሉ ነው፣ አይዞሽ ሊሉ ነው። ዓመታት በእጇ ያደሩ ሴት ናቸው፣ አንዲት ቃል አይጠፋቸውም ብዬ እየጠበቅሁ ነው።

«ነገ ማን ያጥበኛል ታዲያ?» አሉ።

ልነሳ ስል መርፌ ሳታየኝ ጉልበቴን በእጇ ያዘችኝ።

«ልጅዎ» አለቻቸው።

«እሱ? እሱ ምኑን ያውቀዋል?»

«ይማራል፣ እማማ። እኔንም ያስተማረኝ የለም።»

ትራሱን አስተካከለችላቸው፣ ሾርባውን ከእጃቸው አጠገብ አኖረችው፣ ማንኪያውን ደህና በሆነው እጃቸው በኩል አደረገችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።